‹ጤ› በስምንት ነጥብ

ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ነፋስ መውጫ የሚያቀናው መንገድ የጉናን ትከሻ ታክኮ ጋይንት ይገባል። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለች፤ የድጓ ተማሪ የትም ይማር የት፣ ማስመስከሪያው እዚያ ነው። ድጓን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ በቅርብ አይቶ የማያውቅ ሰው አንድ ገጽ ቢገልጥ ቀድሞ ዐይኑን የሚይዘው የገጹ ሥርዓት ነው። ቁም ጸሐፊው ቀለም ከመንካቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ይወጋል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያሰምራል፣ ዓምዱን ይለያል። ዋናው ቃል በጥቁር ይጻፋል፤ አርእስቱና የቅዱሳኑ ስም በቀይ። በቃሉ አናት ላይ ደግሞ የዜማው ምልክት በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል። መሪጌታው የት እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚያረግድ፣ የት እንደሚጥል የሚያውቀው በፊደል፣ በመስመርና በሁለት ቀለም ብቻ ነው።

ኮምፒውተርም እንዲህ ያለ ገጽ አለው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በፊልም ነው፤ ጥቁር ስክሪን፣ የሚርገበገብ ጠቋሚ፣ የተደረደረ ነጭ ጽሑፍ። ባለሙያዎቹ ተርሚናል ይሉታል። ከሩቅ ሲታይ ያለፈበት ይመስላል። ግን ለደቡብ ጎንደር ደጋ የወረዳ ቢሮ፣ ለጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ገጽ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ አማርኛውን በወጉ አይጽፍም። ይህ ጉድለት ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ባሉ ወጣቶች እጅ ሊቃና የሚችል ነው።

ነገሩን ለመረዳት የዳማ ሰሌዳ ማሰብ ይበቃል። የተርሚናል ስክሪን እንደ ዳማ በእኩል ቤቶች የተከፈለ ነው፤ በአንድ ቤት አንድ ፊደል ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ 100 የተባለው መሣሪያ 24 ረድፍና 80 ዓምድ ነበረው፤ ያ ልክ እስከ ዛሬ እንደ መነሻ ይቆጠራል። 24 በ80 ሲባዛ 1,920 ቤት ይሆናል። ፕሮግራሙ የሚያደርገው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ፊደል፣ ቁጥርና የመስመር ቁርጥራጭ መደርደር ነው። ጥግ፣ አግድም፣ ቁልቁል መስመር ሲገጣጠም ሳጥን ይወጣል፤ ሳጥኑ ውስጥ ጽሑፍ ሲገባ ማዘዣ ቁልፍ ወይም የስም መሙያ ይሆናል።

ይህን ሁሉ በየጊዜው ከባዶ መሥራት አድካሚ ነው። ስለዚህ ዝግጁ ቁርጥራጮችን የያዘ ስብስብ፣ በሙያው ቋንቋ ላይብረሪ፣ ተፈጠረ። ቁርጥራጮቹ ዊጄት ይባላሉ፤ አንዱ ቁልፍ ነው፣ አንዱ መሙያ ሳጥን፣ አንዱ ሠንጠረዥ፣ አንዱ ምርጫ የሚደረግበት ዝርዝር። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ኬን አርኖልድ ያዘጋጀው ከርስስ የተባለው ላይብረሪ የዚህ ዘር አባት ነው። ያኔ ኮምፒውተሩን ከተርሚናሉ የሚያገናኘው መስመር በጣም ቀርፋፋ ስለነበር ከርስስ አንድ ብልሃት ነበረው፤ ገጹን በሙሉ እንደገና ከመላክ ይልቅ የተለወጡትን ቤቶች ብቻ ይልካል። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ ተርቦ ቪዥንን አወጣ፤ ዶስ በተባለው የድሮ ሥርዓት ላይ መስኮትና ሜኑ የሚከፍት። በቅርቡ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ ስኮትላንዳዊው ዊል ማክጉጋን በፓይተን ቴክስቹዋልን ሠራ። ቴክስቹዋል ቀለም አለው፣ ማውዝ ይቀበላል፣ ያው ፕሮግራም ሲፈለግ በብራውዘርም ይከፈታል። ፓይተን ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ከሚጀምርባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ቁልፍና ሠንጠረዥ ያለው ትንሽ ገጽ ለማውጣት ከሠላሳ መስመር ያነሰ ኮድ ይበቃል።

በጽሑፍ ሜኑ መሥራት ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በ*127# እንዲገባ መንገድ ተከፍቶለት ነበር። ያ ገጽ ሙሉ በሙሉ ጽሑፍ ነው፤ 1 ለዚህ፣ 2 ለዚያ። ማንበብ የሚከብደው ልጁን ያስነብባል እንጂ ገጹ ከነጭራሹ አልጠፋበትም። ለገበሬው የእርሻ ምክር የሚሰጠው 8028ም በቁጥር የሚመረጥ ዝርዝር ነው፤ ያኛው በድምፅ። ሰው የሚፈልገውን ካገኘ ስለ መልኩ ብዙ አይጨነቅም።

አሁን አንድ የካርድ ክፍል ይታሰብ። የገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የመጣው ሁሉ በጠዋት ተሰልፏል። ካርድ አውጪዋ የታካሚውን ስም ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ታብ ትነካለች፤ የአባት ስም፣ ታብ፤ የአያት ስም፣ ታብ፤ ቀበሌ፣ ኢንተር። እጇ ከኪቦርዱ አይነሳም፣ ዐይኗም ከሰውየው ፊት ብዙ አይርቅም። ማውዝ ፍለጋ የለም፣ ገጹ እስኪከፈት ጎማ ሲሽከረከር መጠበቅ የለም። ኮምፒውተሩ አሥር ዓመት ያገለገለ፣ ሜሞሪው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለጥቁሩ ስክሪን ግን ይተርፋል። ይህ ፍጥነት ተረት አይደለም። በተለያየ አገር የባንክ፣ የአየር መንገድ ትኬትና የመጋዘን ሠራተኞች ለብዙ አሠርት ዓመታት በጽሑፍ ገጽ ሲሠሩ የኖሩት ጣታቸው መንገዱን ስለሚለምደው ነው።

የኔትወርኩንም ጉዳይ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። 1,920ው ቤት በሙሉ በአማርኛ ቢሞላ 5,760 ባይት ነው፤ ለቀለምና ለጠቋሚው የሚሄደው ትእዛዝ ትንሽ ይጨምርበታል። በስልክ የተነሳ አንድ 3 ሜጋባይት ፎቶ የሚወስደው ቦታ ከ500 በላይ ሙሉ ገጽ ይይዛል። መስመሩ በደከመ ቁጥር ይህ ልዩነት ይገዝፋል። መስመሩ ከነጭራሹ ሲቋረጥም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወር ሲቆይ፣ ሥራው ሁሉ ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ቢሮ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ መስመር ሲመለስ ብቻ የሚልክ ቀላል ፕሮግራም እንዲህ ባለ ጊዜ ሕይወት ነው። በሥዕላዊ ገጽም ይህን መሥራት ይቻላል፤ በጽሑፍ ገጽ ግን አንድ ተማሪ ብቻውን በአንድ መንፈቅ ዓመት ሊጨርሰው ይችላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ችግሩ ላይ እንድረስ። ከላይ የተባለችው ካርድ አውጪ ‹ጤና› ብላ ስትጽፍ ምን ይሆናል?

በእንግሊዝኛ ሠንጠረዡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በአማርኛ ግን በብዙ ተርሚናል ላይ ‹ጤ› ከቤቷ ወጥታ የጎረቤቷን ግማሽ ትሸፍናለች፤ ወይም የቀኝ እግሯ ቀለበት ተቆርጦ ‹ጠ› ትመስላለች። በስተቀኝ ያለው ቁልቁል መስመር አንዱ ረድፍ ላይ ገባ፣ አንዱ ላይ ወጣ ብሎ እንደ ፈረሰ ካብ ይወላገዳል። መንስኤው ግልጽ ነው። ተርሚናሉና ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ቤት እንደሚይዝ አስቀድመው መስማማት አለባቸው። የቻይና፣ የጃፓንና የኮርያ ፊደላት፣ የዓለም ፊደላት በሚመዘገቡበት የዩኒኮድ ሰንጠረዥ፣ ሰፊ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ሁለት ሁለት ቤት ይሰጣቸዋል። የግዕዝ ፊደል ያ ምልክት የለበትም፤ ስለዚህ ፕሮግራሞቹ አንድ ቤት ብቻ ይቆጥሩለታል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፎንት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመጽሐፍና ለጋዜጣ የተሳለ ነው፤ ‹ጤ›ን፣ ‹ሠ›ን፣ ‹ጨ›ን ሰፋ አድርጎ፣ ‹ነ›ን ጠበብ አድርጎ። ሰፊው ፊደል በጠባቡ ቤት ውስጥ አልበቃ ይላል።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በአንድ ምሳሌ ይታያል። ዴቢያን የተባለው ነፃ የሊኑክስ ሥርዓት ሲጫን የሚያስተናግደው ገጽ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፤ በጎ ፈቃደኞች ደክመውበታል። ጫኙ ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ሥዕላዊ፣ ሌላው በጽሑፍ ብቻ። አማርኛ በሥዕላዊው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ በጽሑፉ ዝርዝር ውስጥ አይቀርብም። ሕንድኛው፣ ቤንጋሊውና ታይኛውም ከእርሱ ጋር ቀርተዋል። ትርጉሙ ተሠርቶ ተቀምጦ፣ ደካማ ኮምፒውተር ያለው ሰው በሚያየው ፊት ላይ ግን ቋንቋው የለም። ቃላቱን ያጣ ሳይሆን ቤት ያጣ ቋንቋ ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ዓለም አቀፉ ሰንጠረዥ ተሻሽሎ ለግዕዝ ፊደልም ሁለት ቤት ይሰጠው ማለት ነው። ፊደሉ ተንፈላሶ ይቀመጥ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ተርሚናልና እያንዳንዱ ላይብረሪ በአንድነት ካልተለወጠ ጠቋሚው አንድ ቦታ፣ ጽሑፉ ሌላ ቦታ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከዛሬው የባሰ ትርምስ ነው። ሁለተኛው መንገድ ደንቡን እንዳለ ተቀብሎ በአንድ ቤት በወጉ የሚገባ ፎንት መሳል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚወግነው ለሁለተኛው ነው። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ዛሬ ማታ ሊጀመር ይችላል።

አይቻልም የሚል ካለ ‹ጤ›ን በእርሳስ ይሞክራት። በድሮው የቪጂኤ የጽሑፍ ስክሪን ላይ የአንድ ፊደል ስፋት 8 ነጥብ ነው። ‹ጤ› ሦስት እግር አላት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ቢሰጥ 3። በእግሮቹ መካከል ሁለት ክፍተት፤ ድምሩ 5። በቀኝ እግሯ ግርጌ ያለችው ቀለበት ውስጧ ክፍት ሆኖ እንዲታይ ሦስት ነጥብ ስፋት ትፈልጋለች፤ የመጀመሪያው ራሱ እግሩ ስለሆነ የሚጨመረው 2 ነው፤ 7 ሆነ። ከቀጣዩ ፊደል የሚለያት አንድ ባዶ ነጥብ ሲጨመር 8። ልክ በልክ ገባች። ‹ጬ› ስትመጣ ተጨማሪው ጭረት ቦታ ይሻማል፤ ሰዓሊው አንድ ነገር መተው፣ አንድ ነገር ማጠፍ ይኖርበታል። ፊደሏ ግን ትነበባለች። ደግሞም ዛሬ ማንም በ8 ነጥብ አይታሰርም፤ ርካሹ ላፕቶፕ እንኳ ወርዱ 1,366 ነጥብ ነው። ያ ለ80 ዓምድ ሲካፈል ለአንድ ቤት 17 ነጥብ ይደርሳል። ‹ጬ›ም ቀለበቷንም ጭረቷንም ይዛ ትቀመጥበታለች።

ሥራው ፈጽሞ አልተነካም ማለትም ስህተት ይሆናል። የዴቢያንን የጽሑፍ ስክሪን ቅንብር የከፈተ ሰው ከሲሪሊክ፣ ከግሪክና ከዕብራይስጥ ጋር ኢትዮፒክ የሚል ምርጫ ያገኛል። ከሚቀርቡት ፎንቶች አንዱ ጎሃ ይባላል፤ ጎሃ ክላሲክ የሚባልም አለ። ግን ይህ ምርጫ እንዳለ የሚያውቀው ተማሪ ስንት ነው? ለአዲሶቹ ተርሚናሎችና ለቴክስቹዋል ዓይነቱ ላይብረሪ የሚሆን፣ እንደ ጋዜጣው ፎንት በእጅ የሚገኝ፣ እኩል ስፋት ያለው የግዕዝ ፎንት ደግሞ ገና ሰው ይጠብቃል።

ፊደሉን በእኩል ቤት ውስጥ ለማስገባት የተደረገው ትግል ረጅም ታሪክ አለው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ይኸው ነበር፤ መኪናው ለሁሉም ፊደል እኩል እርምጃ ይራመዳል፣ ቁልፎቹም ለሙሉው ፊደል አይበቁም። ስለዚህ ቅጥያው ለብቻው እየተመታ በግንዱ ፊደል ላይ ይለጠፍ ነበር። መልኩ ብዙ ወቀሳ አስነሳ፤ ፊደሉ ራሱ ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚል ክርክርም አብሮ ተነሳ። ያ መኪና ግን ለአሠርት ዓመታት የመንግሥትን ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤትን ውሳኔና የአገር ልብስ ነጋዴውን ውል ጽፏል። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት ፍስሐ አጥላው ከመጀመሪያዎቹ የግዕዝ ቃል ማቀናበሪያዎች አንዱን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል 345 ምልክት አድርጎ መዘገበ። ክርክሩ ያኔ ተፈታ፤ ፊደሉ ሳይቀነስ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። የቀረው አንዱ ጥግ ይህ ጥቁር ስክሪን ነው።

ፎንቱ ሲገኝ ደግሞ ከዚያ በላይ ያለው ሥራ ይጀመራል፤ እውነተኛው ጣዕምም እዚያ ነው። ከውጭ የሚመጣው ላይብረሪ የስም መሙያ ሲያቀርብ ‹የመጀመሪያ ስም› እና ‹የቤተሰብ ስም› ይላል። እዚህ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንጂ። ቀን መምረጫው 12 ወር ያለው ነው። የእኛ 13 ወር አለው፤ 12ቱ እኩል ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6። ለፕሮግራመር ይህ ከፈረንጁ ይልቅ ቀላል ነው፤ የትኛው ወር 31፣ የትኛው 28 እያሉ መጠንቀቅ የለም። ሰዓቱም ከጠዋት ይጀምራል፤ ቀጠሮ ‹3 ሰዓት› የተባለ ታካሚ በውድቅት ሌሊት ሊመጣ አይገባም። እነዚህ ሦስቱ አንድ ጊዜ ዊጄት ሆነው በጥንቃቄ ቢሠሩ፣ የፎገራ ሩዝ አምራቾች ማኅበርም፣ የእስቴ ጤና ጣቢያም፣ የስማዳ ትምህርት ቤትም ያንኑ ቁርጥራጭ አንስተው ይገጥሙታል። የዊጄት ላይብረሪ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ አንዱ የደከመበትን ሌላው እንደገና አይደክምበትም።

በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ይታወቃል። ወጣቱ ሁሉ በስልክ ነው፤ በሥዕልና በጣት የለመደን ሰው ወደ ጥቁር ስክሪን መመለስ ወደ ኋላ መጎተት ነው ይባላል። እውነት አለው። ለመንገደኛው፣ ለሸማቹ፣ ለተማሪው ስልኩ ይበልጣል፤ በግድ ተርሚናል ተጠቀም የሚለው የለም። ግን ሥራው ቀኑን ሙሉ ተመሳሳይ ቅጽ መሙላት የሆነ ሠራተኛ ሌላ ሰው ነው። ለእርሱ ገጹ የሥራ ዕቃ ነው፤ እንደ ሸማኔው መወርወሪያ እጁ ላይ መቅለል አለበት። በስልክ ስክሪን ላይ በአንድ ጣት ሦስት መቶ ስም ጽፎ የሚያውቅ ይህን ይረዳዋል። ሌላው ተቃውሞ ዐይነ ስውራንን የሚመለከት ነው፤ ሳጥንና መስመር የበዛበት የጽሑፍ ገጽ ለስክሪን አንባቢ ፕሮግራም ያስቸግራል። ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው፤ የሚሠራው ሁሉ ያለ ሳጥን፣ በቀጥታ ጥያቄና መልስ የሚሄድ ሁለተኛ መንገድም ከመጀመሪያው ሊኖረው ይገባል።

ደብረ ታቦር ለምን ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይሠራሉ። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ጥቂቱ ከሌላ አገር የተቀዳ የሆቴል ማስያዣ መሆኑ ቀርቶ እኩል ስፋት ያለው ፎንት ቢሆን፣ ወይም ባለ 13 ወር ቀን መምረጫ ቢሆን፣ ተመራቂው ሲሄድ ሥራው አብሮት አይጠፋም። ከዚያው ከከተማዋ ዳር ጋፋት አለች፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡባት። የዛሬው ሥራ ያን ያህል እሳትና ጉልበት አይጠይቅም። ትዕግሥት ያለው ሰዓሊ፣ ፓይተን የሚችል ተማሪ፣ ፊደል የጠነቀቀ መሪጌታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ይበቃል።

መሪጌታው የተጠራው ለክብር ብቻ አይደለም። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንደ ሠሩት የሚነገረው የዜማ ምልክትም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥና ተዛማጆቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ 4.1 አሥር ቁጥር አግኝተዋል። እያንዳንዱ እንደ ፊደል ራሱን ችሎ የሚቆም ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ የድጓ መስመር ሁለት ረድፍ የሚይዝ ዊጄት ሊሠራ ይችላል፤ ከታች ቃሉ፣ ከላይ ምልክቱ፣ ቤት ለቤት ተያይተው። ተማሪው በቀስት ቁልፍ ቃል በቃል ሲሄድ ምልክቱ በቀይ ይበራል።

ለዚህ ሁሉ ምልክት በአንድ ፎንት ውስጥ ቦታው ይበቃል ወይ ለሚል፣ መልሱ በጣት ይቆጠራል። የሊኑክስ ባዶ የጽሑፍ ስክሪን በአንድ ፎንት ውስጥ ከ512 ምልክት በላይ አይቀበልም። የግዕዝ ዋናው ክፍል ዛሬ 358 ምልክት አለው፤ የላቲኑ ፊደል፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ 95። ለሳጥን መሥሪያ ነጠላ መስመሮቹ ከነጥጋቸው 11 ናቸው። አሥሩ የዜማ ምልክት ሲጨመር 474። ከዚያም 38 ቤት ባዶ ይተርፋል።